ማጣትና መካድ

ቡና በዓመት አንድ ጊዜ ይከፍላል፤ ኪራይ በየወሩ ይጠይቃል። በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች፣ በአጋሮ፣ በየቡ፣ በሰቃ፣ በሊሙ ገነት፣ ሰው እንዴት ዕዳ ውስጥ እንደሚገባ ማወቅ የሚፈልግ ከዚህ ቢጀምር ይሻላል። ቀዩ ቡና መለቀም የሚጀምረው መስከረም ሊያልቅ ሲል ወይም በጥቅምት ነው። አልጋ ላይ ተሰጥቶ፣ ደርቆ፣ ጀንፈል ሆኖ፣ በፈረሱላ ተመዝኖ እጅ ላይ ገንዘብ እስኪሆን ኅዳርና ታኅሣሥ ይደርሳሉ። እነዚያ ወራት ከተማው ላይ ይታያሉ፤ ሰርግ ይደገሳል፣ የቤት ክዳን ቆርቆሮ ይገዛል፣ ባለሱቁ የዱቤ ደብተሩን አውጥቶ በተከፈለው ሒሳብ ላይ መስመር ያሰምራል። ሰኔ ሲገባ እጅ ይነጥፋል። ሐምሌና ነሐሴ በዝናብ ያልፋሉ፤ መስከረም የልጆች ደብተርና ዩኒፎርም ይዞ ይመጣል።

ይህ የገበሬው ጣጣ ብቻ አይደለም። መጋዘን ውስጥ ቁጭ ብላ ከንጹሑ ቡና ጥቁሩንና የተሰበረውን ፍሬ የምትለቅመው ሴት፣ ጫኝና አውራጁ፣ የመፈልፈያው ሠራተኛ፣ ከጅማው መርካቶ ወደ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር የሚመላለሰው ባለ ባጃጅ፣ ልብስ ሰፊው፣ ሁሉም የሚኖሩት ቡናው ባመጣው ገንዘብ ነው። ልዩነቱ ገበሬው ቢያንስ የሚተኛበት ጎጆ የራሱ መሆኑ ነው። ለቃሚዋ ግን የምትኖረው በሰው ግቢ፣ ከዋናው ቤት ጀርባ በተሠራች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። ወሩ ሲሞላ ቡና አለ የለም ብሎ የሚጠይቅላት የለም።

ጅማ ተከራይቶ የኖረ ሰው የሚከተለውን ያውቀዋል። ኪራይ ያለፈባት ሴት መጀመሪያ የምታቆመው ቡና መቁላት ነው። ጭሱ አጥር አያግደውም፤ ጎረቤት ይጠራል፣ ከሚጠሩትም አንዷ አከራይዋ ናት። እሷ ገብታ በርጩማው ላይ ተቀምጣ አቦሉን ስትቀበል የኪራዩ ነገር ሳይነሣ አይቀርም። ስለዚህ ጀበናው ታጥቦ ይደፋል፣ እንደተደፋም ይሰነብታል። ቀጥሎ የሚቀረው መብራት ነው፤ ማታ ገብታ በጨለማ ትቀመጣለች፣ ሰው የለም እንዲባል። ከደጃፉ የሚወልቀው ጫማ ወደ ውስጥ ይገባል። የአከራይዋ ልጅ መጥታ «እማዬ ቡና ጠጪ ትልሻለች» ስትላት «ራሴን አሞኛል በያት» ትላለች። ጠዋት አከራይዋ ለሱብሒ ሶላት ሳትነሣ ትወጣለች። የግቢው በር በተንኳኳ ቁጥር ሕፃኑ ልጇ ዝም በል ይባላል፤ ምክንያቱ ሳይነገረውም ዝም ማለትን ይለምዳል።

እስካሁን ድረስ ይህች ሴት ስለ ዕዳዋ ማንንም አልዋሸችም። ያለባትም የሁለት ወር ኪራይ ነው። ነገር ግን ያ የሁለት ወር ኪራይ ከእርሷ ላይ ጭሱን፣ መብራቱን፣ ሰላምታውን ወስዷል፤ ለአከራይዋ ከነዚህ አንዱም አልደረሳትም። ዕዳው በአንድ ሳንቲም እንኳ አልቀነሰም። ሲቸግር በጨለማ መቀመጥ ማንንም የማያጠግብ ክፍያ ነው፤ እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝም ይኸው ነው።

አሁን ነገሩን ከዋናው ቤት መስኮት እንየው። አከራይዋ የምታየው የጨለመ ክፍል፣ የተዘጋ በር፣ ጥሪ የማይቀበል ጎረቤት ነው። ማጣት ከውጭ አይታይም፤ የሚታየው መሸሽ ነው። ያጣና የካደ ሰው ደግሞ ሲሸሹ አንድ ዓይነት ናቸው። ያጣ ሰው ገንዘቡ እጁ ላይ የለም፣ ቃሉ ግን አለ። የካደ ሰው ገንዘቡ ኖረውም አልኖረውም ቃሉን ጥሏል። ለሁለቱ የሚገባቸው መልስ የተለያየ ነው፤ ለአንዱ ጊዜ፣ ለሌላው ዳኛ። የኪራይ ዕዳ ክፋቱ ያጣውን ሰው የካደ ሰው ልብስ ማልበሱ ነው፤ የሚለብሰውም በገዛ እጁ፣ ከሐፍረት የተነሣ ነው።

ፈላስፎች ስለ ዕዳ ብዙ ብለዋል። ካንት እ.ኤ.አ. በ1785 ባሳተመው የሥነ ምግባር መጽሐፍ ውስጥ ከሚያነሣቸው አራት ምሳሌዎች አንዱ ገንዘብ ያለቀበት ሰው ነው። ሰውዬው መመለስ እንደማይችል ያውቃል፣ «እመልሳለሁ» ብሎ ካልማለም ማንም አያበድረውም። ካንት ይህን አጥብቆ ይከለክላል፤ የቸገረው ሁሉ እንዲህ ቢያደርግ ቃል የሚባል ነገር ራሱ ይጠፋል፣ የሚያምንም አይገኝም ይላል። ትክክል ነው፤ የምጨምርበት የለኝም። ነገር ግን ከጅማው የጅሬን ኮረብታ ሥር ያለችው ተከራይ የካንት ሰው አይደለችም። እርሷ በታኅሣሥ ቃል ስትገባ መጋዘኑ ሥራ ነበረው፣ ቃሏም እውነት ነበር። ሐሰት የሆነው በሐምሌ ነው፣ ያውም እርሷ ሳትናገር። ካንት የጻፈው ሲበደር ስለሚዋሽ ሰው ነው፤ መክፈያው ሲደርስ ዝም ስለሚል ሰው አላነሣም። የብዙዎቻችን ጣጣ ግን ሁለተኛው ነው።

ከካንት ሁለት ሺህ ዓመት በፊት ፕላቶ ስለ ፍትሕ የጻፈውን ትልቁን መጽሐፉን የከፈተው በዕዳ ነገር ነው። ኬፋሎስ የሚባል ሀብታም ሽማግሌ የገንዘብ ትልቁ ጥቅም ለአምላክ መሥዋዕት፣ ለሰው ገንዘብ ሳይቀርበት ለመሞት ማስቻሉ ነው ይላል። ደግ ሰው ነው፣ ንግግሩም ከልቡ ነው። ግን የሚናገረው ያለው ሰው ነው። ገንዘብ የሌለው ሰው እንዴት ፍትሐዊ ሆኖ ሊያድር ይችላል የሚለው ጥያቄ እዚያ ቤት ውስጥ አልተነሣም፤ ሽማግሌው መሥዋዕቱን ሊያቀርብ ተነሥቶ ይሄዳል።

እኛ ዘንድ ለጥያቄው የተሰጠ አንድ የቆየ መልስ ነበር፤ ከባድ መልስ ነው። አበዳሪና ተበዳሪ፣ ከሳሽና ተከሳሽ፣ ዳኛ ፊት ቀርበው ነገራቸው እስኪቆረጥ ድረስ ነጠላቸው ተቋጥሮ ወይም በሰንሰለት ተያይዘው አብረው ይውሉ ነበር። ቁራኛ ይባላል። አዲስ አበባን ከዛሬ መቶ ዓመት በፊት ያዩ የውጭ መንገደኞች እንዲህ ተያይዘው መንገድ ላይ የሚሄዱ ሰዎችን ማየታቸውን ጽፈዋል። ውርደቱ ግልጽ ነው፣ እንዲመለስም አልመኝም። ሆኖም ይህ ሥርዓት የዛሬው ያጣውን አንድ ነገር ይዞ ነበር፤ ያበደረውም አብሮ ይታሰር ነበር። ባለገንዘቡ የባለዕዳውን ፊት ቀኑን ሙሉ ያያል፤ ሲርበው ያያል፣ ሰው ሲሰድበው ይሰማል፣ በእግሩ ልክ ይራመዳል። ተበዳሪው ደግሞ መሸሽ አይችልም፣ ስለዚህም ከመሸሽ ሐፍረት ይድናል። ዛሬ ስልክ ይዘጋል፤ ሁለቱም ስለማይተያዩ እያንዳንዱ ሌላውን በሐሳቡ ይሠራዋል፣ አንዱ ጨካኝ አድርጎ፣ ሌላው አጭበርባሪ አድርጎ።

ጅሬን ላይ ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በዚህ ነገር ላይ የሚያሳስብ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1878 የነገሡት ሁለተኛው አባ ጅፋር፣ የሸዋው ምኒልክ ኃይል እየገፋ ሲመጣ፣ ውጊያ ሳይጠብቁ ግብር ለመክፈል ተስማሙ። እምቢ ያሉት ወላይታና ካፋ በኋላ በጦርነት ብዙ ሰው አለቀባቸው። የጅማው ንጉሥ በየዓመቱ እየከፈሉ አገራቸውን ራሳቸው እያስተዳደሩ ቆዩ፤ ሂርማታ የሚባለው ገበያቸውም ደራ። ያ ገበያ ሰውም ይሸጥበት እንደነበር ሳይነገር መታለፍ የለበትም። ሰውን በዋጋ መተመን ሲጀመር የት እንደሚደርስ አቴናውያን አይተውታል፤ ገንዘብ ያጣ ባለዕዳ ራሱ ለባርነት ይወሰድ ነበር፣ ሶሎን የሚባለው ሕግ አውጪ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ594 ዓመት ገደማ ይህን እስኪሽር ድረስ።

የአባ ጅፋር ግብር ዕዳ ነው? የተበደሩት ነገር የለም። የተከፈለው ጉልበት ላለው ሰው ነው፣ የተገዛውም ጊዜ ነው። ግማሽ ምዕተ ዓመት ለሚጠጋ ዘመን ተከፈለ፤ እ.ኤ.አ. በ1932 ግን የጅማ ራስ ገዝነት አከተመ፣ የንጉሡ የልጅ ልጅም ታሰሩ። ያን ያህል ዘመን መክፈል ቤቱን የራስ አላደረገውም። ተከራይ ይህን ያለ አስተማሪ ያውቀዋል፤ አሥር ዓመት የከፈለባት ክፍል በአሥራ አንደኛው ዓመት አንድ ወር ቢያልፍበት እንደ እንግዳ ታየዋለች። ንጉሡ ግን ከብዙዎቻችን የተሻለ አንድ ነገር አድርገዋል፤ ንግግሩን የጀመሩት ቀኑ ሳይደርስ ነው።

ችግር ሲጠና ተከራዩም ገበሬውም የሚሄዱበት ሌላ በር አለ። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን መሠረት፣ ተበዳሪና አበዳሪ በዓመት ከመቶ 12 በላይ ወለድ ሊዋዋሉ አይችሉም፤ የወንጀል ሕጉም አራጣን ያስቀጣል። በሥውር የሚሠራው ግን ሌላ ነው፤ በወር ከመቶ 10 የሚጠየቅበት ጊዜ አለ። በሰኔ 10,000 ብር የወሰደ ሰው በኅዳር ሊመልስ ሲመጣ፣ በሕጉ ከሆነ የአምስት ወሩ ወለድ 500 ብር ነው፤ በአራጣው 5,000 ብር ይሆናል። ልዩነቱን የሚከፍለው ከአንዱ የቡና ወር እስከ ሌላው ላለው ክፍተት ብቻ ነው። ሕጉ መኖሩም አይረዳውም፤ የተቸገረ ሰው የሚፈርመው ወረቀት ላይ ወለዱ ከዋናው ጋር ተደምሮ ይጻፋል።

ገበሬው ደግሞ ዛፍ ላይ ያለውን ቡና አስቀድሞ ይሸጣል፣ ወይም ማሳውን በወለድ አገድ ያስይዛል፤ ዋናው ገንዘብ እስኪመለስ ፍሬውን አበዳሪው ይለቅማል። ቅድመ ሽያጭ በዓለም ገበያ ዋጋ ላይ ተንጠልጥሎ የሚደረግ ስለሆነ ጉዳቱ በሁለት በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ዓለም አቀፉ ዋጋ ለአንድ ፓውንድ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ሲወርድ ገበሬው ቡናውን እየነቀለ ጫት የተከለበት አካባቢ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ደግሞ ዋጋው ከ4 ዶላር አለፈ። በወደቀው ዓመት ዕዳው ይቀራል። በወጣው ዓመት፣ በሐምሌ ዋጋ ቆርጦ የተበደረው ገበሬ፣ የገዛ ዛፉ ያመጣውን ትርፍ ነጋዴው ሲቆጥር ያያል። ከዚህ በላይ ሰውን ዝም የሚያሰኝ ነገር አላውቅም።

አንድ ጊዜ ዕዳ በአዋጅ ተሰርዞ ያውቃል። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኛውን ለባለመሬቱ ይከፍል ከነበረው ኪራይ፣ ከነበረበት ዕዳና ከማናቸውም ግዴታ ነፃ አወጣው። በዚያው ዓመት በሐምሌ አዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶችን ወርሶ የከተማውን ኪራይ ቀነሰ። ኪራዩ ከ100 ብር በታች የሆነው ቤት ወደ ቀበሌ ገባ። ለሚሊዮኖች ይህ እውነተኛ እፎይታ ነበር፤ ዛሬም የቀበሌ ቤት ያለውና የሌለው ሰው ኑሯቸው አይገናኝም። ግን አዋጁ የሰረዘው የተጠራቀመውን ነው፤ ቡና በዓመት አንዴ መድረሱን የሚሰርዝ አዋጅ የለም። በሚቀጥለው ክረምት ገበሬው እንደገና ብድር ፈለገ፤ ቡናውንም በኋላ መንግሥት በቆረጠው ዝቅተኛ ዋጋ ማስረከብ ነበረበት።

የ2016 ዓ.ም. የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ፣ ቁጥር 1320፣ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ጭማሪ እንደፈቀዱ እንዳይደረግ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ተከራይን ከመንገድ ላይ ለማዳን የወጣ ጥሩ ሐሳብ ነው። ለደመወዝተኛ ይስማማል። ለቡና ከተማ ለቃሚ ግን በታኅሣሥ ገንዘብ ሲኖራት የስድስት ወሩን ከፍላ እፎይ ማለት ይሻላት ነበር። የሕግ ዐይን ወርን እንጂ ወቅትን አያይም።

ስለ አከራይዋም እንናገር። ሰው ሁሉ አከራይን ሀብታም ያደርገዋል። ጅማ ውስጥ ባሏ የሞተባት፣ ጡረታው የማይበቃት፣ በግቢዋ ሦስት ክፍል ሠርታ ከነርሱ የምትበላ ሴት ብዙ ናት። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዘይቱም መድኃኒቱም በእርሷም ላይ ጨምሯል። ያለፈው ኪራይ የእርሷ የባለሱቅ ዕዳ ይሆናል፤ ዱቤው ከአንዱ ደብተር ወደ ሌላው ይሻገራል። ስለዚህ «አትጠይቂ» ልላት አልደፍርም። የምጠይቃት ቆጣሪውን አጥፍታ፣ ውኃውን ዘግታ፣ በጎረቤት ፊት ስም ጠርታ እንዳትጠይቅ ነው። ገንዘቧን ማስመለስ መብቷ ነው፤ ማዋረድ ግን የውሉ አካል አይደለም።

በጅማ አገር የእስልምናም የክርስትናም ሰዎች አብረው ይኖራሉ፤ እዚህ ላይ ሃይማኖት ከሕግ ይልቅ ጠለቅ ብሎ ሄዷል። ቁርኣን የቸገረው ባለዕዳ እስኪቃናለት ጊዜ እንዲሰጠው ያዛል፣ መተውን ደግሞ ያስበልጣል፤ ባለዕዳዎችንም ዘካ ከሚገባቸው ስምንት ወገኖች መሐል ይቆጥራል። ጀናዛ ላይ የሟች ቤተሰብ ወደ ሕዝቡ ዞሮ ዕዳ የሚጠይቀው ሰው ካለ እንዲመጣ ሲጠይቅ የሰማ ሰው ጸጥታውን አይረሳውም። በዚያች ሰዓት ዕዳ ነውር መሆኑን ያቆማል። ልጁ፣ ወንድሙ፣ ጎረቤቱ «በእኔ ይሁን» ይላል። ዕዳው በአደባባይ ስለተነገረ ተሸካሚ አገኘ። እኔን የሚያስቸግረኝ፣ ይህ ድምፅ የሚሰማው ሰውየው ከሞተ በኋላ ብቻ መሆኑ ነው። እድራችንም እንዲሁ ነው፤ ለድንኳን ይደርሳል፣ ለኪራይ አይደርስም።

እቁብ ግን ለሕያዋን ነው። ልብ ብሎ ላየው ሰው እቁብ ውስጥ ያለው ሁሉ ባለዕዳም አበዳሪም ነው። መጀመሪያ ዕጣ የደረሰው የሁሉ ባለዕዳ ነው፤ መጨረሻ የሚደርሰው የሁሉ አበዳሪ። የሚከፍሉት እኩል፣ የሚቀበሉት እኩል፤ የሚለያቸው ቀኑ ብቻ ነው። በዚያ ማኅበር ውስጥ መጀመሪያ የደረሰው ሰው አንገቱን ደፍቶ አይሄድም፣ መጨረሻ የሚደርሰውም ደረቱን አይነፋም። ዋስ ይጠራል፣ ጸሐፊው ይጽፋል፣ ሰው ሲቸግረው ዕጣ የወጣለት ተራውን ይለቅለታል። ዕዳ ያለ ሐፍረት ሊኖር እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላገኘሁም። ሐፍረቱን የሚያመጣው ዕዳው ራሱ ቢሆን ኖሮ እቁብተኛ ሁሉ በጨለማ ይቀመጥ ነበር።

እንግዲህ ያቺ ለቃሚ ሴት ምን ታድርግ? ገንዘብ ከየትም አምጪ የሚላት ሰው አልረዳትም። አላት የምለው አንድ ነገር ቃሏ ነው፣ እርሱም ዋጋ ያለው ቀኑ ሳያልፍ ሲነገር ነው። ጀበናውን ጥዳ፣ ወይም ባዶ እጇን ሄዳ፣ «እትዬ፣ የሰኔው አልደረሰልኝም። መጋዘኑ ሥራ እስኪጀምር ሐምሌና ነሐሴም እንደዚሁ ነው የሚሆኑብኝ። በየሳምንቱ ልብስ አጥቤም ቢሆን ጥቂት ጥቂት እሰጥሻለሁ፣ ቀሪውን በኅዳር እጨርሳለሁ» ማለት። አከራይዋ ልትቆጣ ትችላለች። «እኔም እኮ የምበላው ከእሱ ነው» ትላለች፣ እውነቷን ነው። ግን አሁን የምታውቀው ነገር አለ፤ ለባለሱቋ የምትናገረው ቀን አላት። ሁለቱም ሴቶች አንዱን ክረምት ከሁለት ጎን ይዘውታል። «አይሆንም፣ ልቀቂ» የምትልም አለች፤ ያን ጊዜም ቢሆን ያጣች ሆና ትወጣለች እንጂ የካደች ሆና አትወጣም፣ ቀጥሎ በምትከራይበት ግቢም የቀድሞ ጎረቤቷ ይህን ትመሰክርላታለች።

ከዚህ በላይ ደግሞ የአንድ ሴት ብርታት የማይሸከመው ነገር አለ፤ እርሱ የከተማው ሥራ ነው። በቡና ከተማ የሚቋቋም እቁብ በኅዳርና በታኅሣሥ ተሰብስቦ፣ ዕጣው ከሰኔ እስከ መስከረም ቢወጣ ኪራዩን ከክረምቱ ያሻግራል። ገንዘቡ ሊቀመጥበት የሚችል ቦታም አለ፤ በወለድ ለማይሠራ ሰው ከወለድ ነፃ የሚሠሩት ባንኮች ቅርንጫፍ ከፍተዋል። መጋዘን ያላቸው ነጋዴዎች የለቃሚዎቻቸውን ክፍያ ጥቂቱን ለክረምት ቢያቆዩላቸው፣ በፈቃዳቸውና በወረቀት፣ ማንም አይጎዳም። ቡና አንዱን ዓመት አብዝቶ ሌላውን ዓመት ስለሚያሳንስ ይህም የማይበቃበት ጊዜ ይመጣል። ያ ግን ድንገት አይመጣም፤ አበባው በየካቲትና በመጋቢት ይታያል፣ በሰኔ ደግሞ ማንኛውም የማና ወይም የጎማ ወረዳ ገበሬ ቅርንጫፉን ቀና አድርጎ አይቶ በዚያ ዓመት ስንት ፈረሱላ እንደሚያገኝ በግምት ይናገራል። ባለመጋዘኑም፣ አከራይዋም፣ ለቃሚዋም ያን ግምት ሰምተው የክረምቱን ሒሳብ በዚያው ወር ሊነጋገሩበት ይችላሉ።